ቋጠሮ የሌለው ዳንቴል

አረጋሽ በዓይኗ ትመካ ነበር። ሌላ የምትመካበት ምን አላትና! ባሏ ከፈለ የጭነት መኪና ይዞ ወደ ካምፓላ እንደወጣ በዚያው ቀልጦ ቀረ። እግዜር ልጅ አልሰጣትም። ከኮምቦልቻ ይዛው የመጣችው ወገብ ደግሞ ጁባ ውስጥ ንያኩሮን አካባቢ ባለ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ሀይ ጀላባ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይታ ክርና መርፌ፣ ቁልፍና ዚፕ፣ የጠረጴዛ ልብስና የሶፋ ዳንቴል መሸጥ የጀመረችው። እና በሃምሳ አራት ዓመቷ ሰው "ማማ አረጋሽ" ሲላት ደረቷን የሚነፋት ሱቋ አልነበረም፤ ዓይኗ ነበር። ዳንቴል አምጥተህ እፊቷ ብትዘረጋ አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጋ የእጅ ይሁን የማሽን ትነግርሃለች።

ይህ ስም እንዲያው ከሰማይ አልወረደላትም። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ነጋዴ ለቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር የመጋረጃ ዳንቴል ይዞ መጣ። "መነኮሳት በእጃቸው የሠሩት ነው" እያለ ይምላል። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ሲያደንቁ አረጋሽ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ያዘችና፣ "እነዚህ መነኮሳት መብራት ሲጠፋ ሥራ ያቆማሉ?" ብላ ጠየቀችው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ነጋዴው ዕቃውን ጠቅልሎ ሲወጣ ደህና ዋሉ እንኳ አላለም።

ምሥጢሯን ለሚጠይቃት ሁሉ ትናገር ነበር፤ ንፉግ አይደለችም። "ሰው ይደክማል፣ ማሽን አይደክምም። ስለዚህ ድካሙን ፈልጊ" ትላለች። የእጅ ሥራ ሲሆን አንድ ቦታ ጠበቅ፣ አንድ ቦታ ላላ ይላል፤ ክር ያለቀበት ቦታ ደግሞ ከጀርባው ቋጠሮ አለ። የማሽኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

ከዚህ የበለጠ አንድ የማያሳስት መለያ ነበር፤ እሱንም ታውቀዋለች። ኮምቦልቻ ተማሪ ሳለች የእጅ ሥራ መምህርቷ አስተምራታለች። በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንድ ክር መንገድ ነው። የመጨረሻዋን ጫፍ ፈልገህ ብትስባት እየተተረተረ ይመጣልሃል። የማሽኑ ይበጣጠሳል እንጂ አይተረተርም። ግን የሰው ንብረት ጫፍ መፍታት ማን ይወዳል? ዓይን እያለ ደግሞ ለምን? አረጋሽ ይህን መለያ ከተወችው ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር።

እንግዲህ አምና ከክረምቱ በፊት አሉኤል ወደ ሱቁ መጣች። ክር የምትገዛ የቆየች ደንበኛ ናት፤ ድምፅዋ ወፍራም፣ ልቧ ደግ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ያለ እሷ የሚጣል ዳስ የለም። የወንድሟ ልጅ ማቢዮር ክርስቲና የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው። በእነሱ ቤት ሙሽራ ስትሄድ ሚላያ ይዛ ትሄዳለች። ሚላያ ማለት መሐሉ በእጅ የተጠለፈ፣ አራቱም ጠርዙ ዳንቴል የዞረበት አንሶላ ነው። እሱን አይተው ነው የሙሽራው አክስቶች ልጅቷ ከምን ዓይነት እጅ እንደወጣች የሚናገሩት።

"አምና ሌላዋ ሙሽራ ከገበያ የተገዛ አምጥታ ሞኝ አደረገችን" አለች አሉኤል። "ዘንድሮ አልታለልም። ማማ፣ ነይና እዪልኝ።"

አረጋሽ ሱቋን ዘግታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ወጥታ ሙኑኪ ሰፈር ወደ ሙሽራዋ ቤት ሄደች። ለሠርግ የተጠራች ያህል ነበር ደስታዋ።

ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ስምንት የሙሽራው ወገን ሴቶች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። የክርስቲና እናት አዲዩ ለብቻዋ ምንጣፍ ላይ ናት። ወደ ስልሳው የምትጠጋ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ስትሆን፣ ሰው ስታይ ፊቷን ዘንበል አድርጋ ነው የምታየው። የአረጋሽን ሰላምታ ስትሰማ ፊቷ በራ።

"ውይ! ሐበሻ ነሽ?" አለች በጥሩ አማርኛ። "እሰይ! አንቺማ ታውቂዋለሽ። እኔ እኮ በልጅነቴ ከቦር ሸሽቼ ኢታንግ የስደተኞች ሰፈር ገባሁ፣ ከዚያ ጋምቤላ ሃያ ዓመት ተቀመጥኩ። ዳንቴሉንም እዚያው ከናንተ ዘንድ ነው የተማርኩት።"

አረጋሽ ሳቅ አለችና አንሶላውን ተቀበለች። መሐሉ ላይ ሁለት ወፎች ተጠልፈዋል። ጠርዙን ገለበጠች። ድካሙን ፈለገች፤ የለም። ቋጠሮ ፈለገች፤ የለም። አንዱን ጎን ጨርሳ ወደ ሌላው ሄደች፤ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም አንድ ነው። ይህች ሴት አንድ ቀን እንኳ አልታመመችም? አንድ ቀን አልራባትም? በስደተኛ ሰፈር ተቀምጦ እንዲህ ያለ ሥራ ከየት ይመጣል? አዎ፣ አረጋሽ በልቧ ያለችው ይህንን ነው። በኋላ ይህች ሐሳብ ትዝ ስትላት ብቻዋን ሆና እንኳ ፊቷን ትሸፍን ነበር።

ቀና ብላ በጁባ ዓረብኛ፣ "ሹጉል ታ መካና" አለች። የማሽን ሥራ ነው ማለቷ ነው።

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ አውራ ጣቷ ማዕዘኑ ላይ አንዲት ነገር ነካች። የጤፍ ፍሬ ብታህል ነው። የዳንቴሉ ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የመጨረሻዋ ማጥለቂያ ተስባ፣ ቅሪቷ ክር ወደ ውስጥ ተጠምዝዛ ተደብቃለች። ማሽን እንዲህ አይጨርስም። እንዲህ የሚጨርስ ሰው ነው፣ ያውም በጣም የሚጠነቀቅ ሰው። 

"ቆዩ፣ ደግሜ ልየው" ማለት ትችል ነበር። ሦስት ቃል ነው። አፏንም ከፈት አድርጋ ነበር። ግን ስምንት ሴቶች እያዩአት ነው፣ አሉኤል "አላልኳችሁም?" እያለች ጉልበቷን ትመታለች፣ ደግሞም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል የሀገሯ ሰው። እሷ የወለደችው የላትም፤ በሌላዋ ልጅ ፈረደች።

"እህቴ፣ እስቲ ደግመሽ እዪው" አለች አዲዩ ቀስ ብላ።

"አይቻለሁ" አለች አረጋሽ፤ አንሶላውን አጥፋ መለሰችላት።

አሉኤል ክፉ ሰው አይደለችም፤ የጥሎሹ ከብት ነገር አልቋል፣ በአንሶላ ምክንያት ሠርግ አይፈርስም አለች። ግን ሠርጉ ሁለት ወር ስለቀረው እስከዚያ በእጅ የተሠራ ሌላ ሚላያ ይምጣ፤ አለዚያ ልጅቷ ባዶ አልጋ ላይ ትገባለች። ከመሐል አንዷ አሮጊት፣ እናቲቱ እንዲህ የምትዋሽ ከሆነች ልጅቷስ ብላ አጉረመረመች። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ የሚባለው ለካ እኛ ጋ ብቻ አይደለም። ክርስቲና ከቤት በር ላይ ቆማ ይህንን ሁሉ ሰማች። አዲዩ አንሶላዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች።

 አረጋሽ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከበር አላለፈችም። "ነገ ሄጄ እነግራታለሁ" ትላለች፣ ነገ ሲሆን ክር ገዢ ይበዛል። ደግሞ ለራሷ ጠበቃ ትቆማለች፦ ምናልባትም ጣቴ ተሳስቶ ይሆናል፤ ምናልባት ከማሽኑ ጋር በእጅ የተቀጠለ ይሆናል። ውሸት! ጣቷ አልተሳሳተም፤ እሷም ታውቃለች።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አዲዩ ከነልጇ ሱቁ በር ላይ ቆመች። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ከውስጡ የጥቅል ጎመን ራስ የሚያህል ልቃቂት አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ክሩ ነጭ ነው፣ ግን ከዳር እስከ ዳር ተጨማዷል። ብዙ ጊዜ በማጥለቂያ ውስጥ የኖረ ክር እንዲያ ነው የሚሆነው።

"ይኸው የማሽን ሥራ ያልሽው" አለች።

አረጋሽ ልቃቂቱን አየች፣ አዲዩን አየች። "ምነው! ምነው እህቴ፣ ሁሉንም? አንድ ስንዝር ብትፈቺልኝ ይበቃኝ ነበር እኮ!"

"አንድ ስንዝር ብፈታ ጫፉን በእጇ ቀጥላበት ነው ትያለሽ ብዬ። አሁንስ ምን ትያለሽ?"

አረጋሽ ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ እግሯ ላይ ወደቀች። ያኔ ሁሉንም ብትናገር ኖሮ! ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ነው። "አላወቅሁም ነበር እህቴ! ዓይኔ ነው የከዳኝ! ማርያምን አላወቅሁም!"

"ተነሺ" አለች አዲዩ። "እግሬን ምን ልታደርጊው ነው? ያላወቀ ሰው ይሳሳታል። እኔ እንደገና ልሥራው ብል አልችልም፤ ይኸው ዓይኔን ሞራ ይዞታል። አንቺ ትሠሪዋለሽ። እኔ አጠገብሽ ሆኜ እቆጥርልሻለሁ። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ በተናገርሽበት አፍሽ እዚያው ግቢ ውስጥ ትመልሺዋለሽ።"

"እመልሳለሁ" አለች አረጋሽ።

ክሩን አጥበው፣ ከባድ ነገር አንጠልጥለውበት አሰጡት። ከዚያ ጀምሮ አዲዩ በየጠዋቱ ከሙኑኪ በሚኒባስ እየመጣች ከባንኮኒው ኋላ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። "አምስት ሰንሰለት። ሦስት ቋሚ። አንዱን ዝለይ። አሁን አትዝለይ" እያለች ማጥለቂያዎቹን ትቆጥርላታለች። የአረጋሽ እጅ ኪሮሽ ከያዘ ስንት ዘመኑ! በሰው ሥራ ሲፈርድ የኖረ እጅ ራሱ ሲሠራ ተሳሳተ። አንዱን አጠበቀች፣ አንዱን አላላች፣ ክር ሲበጠስባት ቋጠረች። የድካም ምልክት ፈላጊዋ ያንን ሁሉ ምልክት በገዛ እጇ ታስቀምጥ ጀመር።

"አንቺ ቋጠሮ ሳታደርጊ እንዴት ቀጠልሽው?" ብላ ጠየቀቻት አንድ ቀን።

"ጋምቤላ ሒሩት የምትባል ነርስ ነበረች፤ እሷ ናት ያስተማረችኝ" አለች አዲዩ። "ሁለቱን ጫፍ ሰንጥቀሽ፣ በምራቅሽ አርሰሽ አንድ ላይ ትገምጂዋለሽ፤ አይታይም። ደግሞ ስህተት ካገኘች ኧረ ምሕረት የላትም፤ ፍቺው ነው የምትለው። ይህንን ሰባት ወር ፈጀሁበት። የደከመኝ ዕለት አልነካውም ነበር።"

የደከመኝ ዕለት አልነካውም። አረጋሽ ኪሮሹን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ሰው ይደክማል እያለች ስትፎክር፣ የደከመው ሰው እጁን መሰብሰብ እንደሚችል አንድ ቀን አስባ አታውቅም።

ቀናት ባለፉ ቁጥር ነገሩ ባሰባት እንጂ አልቀለላትም። አዲዩ ቂም አትይዝም። የተቆላ ለውዝ በወረቀት ጠቅልላ ይዛላት ትመጣለች። "እህቴ" ማለቷ ቀርቶ "አረጋሽዬ" ሆነ። ደንበኛ ሲመጣ፣ "ማማ አረጋሽ ሥራ ላይ ናት፣ ቆዩ" እያለች ትቀልዳለች። አረጋሽ በየቀኑ "ዛሬ እነግራታለሁ፣ እያወቅሁ ነበር እላታለሁ" ትላለች። ለውዙን ትቀበላለች፣ ቃሉን ትውጠዋለች። አላወቀችም ተብላ ይቅር መባልን የመሰለ ቅጣት የለም፤ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ዳንቴሉ አለቀ። አንሶላው ላይ ሰፍተው ሙኑኪ ይዘውት ሄዱ። ያው ኒም፣ ያው ወንበሮች፣ ያው ስምንት ሴቶች።

አሉኤል ተቀብላ ልክ አረጋሽ እንደምታደርገው ገለበጠችው። ትምህርቱን በደንብ ይዛዋለች። "አሁን ይኼ የእጅ ነው!" አለች ከፍ አድርጋ። "እዩ፣ እዚህ ጠበቅ ብሏል፣ እዚህ ላላ። ቋጠሮውን እዩት! ማማ አረጋሽ ባትኖር ኖሮ ያንን የማሽን ሥራ አቅፈን ቀርተን ነበር።"

ሴቶቹ እልል አሉ። አዲዩ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እልልታው ለእሷ የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ያኔ ዋሽተሽን ነበር የሚል እልልታ ነው። ክርስቲና እናቷን አየች፣ ከዚያ አረጋሽን አየች። አረጋሽ ከዚህ ወዲያ ዝም ካለች የዚህች ሴት ስም እስከ መቃብሯ ውሸታም ነው።

ተነሣች።  "ያኛው ነበር የእጅ" አለች በጁባ ዓረብኛ። "ይኼ የእኔ ሥራ ነው። ክሩ የእሷ ነው። እኔ የማሽን ነው ስላልኩ ያንን ሁሉ ፈታችው። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።"

እልልታው ተቋረጠ። አሉኤል አንዴ አንሶላውን፣ አንዴ አረጋሽን አየችና ራሷን ነቀነቀች። "ማሌሽ፣ ግድ የለም ማማ" አለች በሐዘኔታ። "ሰው ይሳሳታል። ካላወቅሽ ምን ታደርጊ?"

አዲዩም ከምንጣፏ ላይ ሆና ስለ አረጋሽ ተናገረች። "አዎ፣ አላወቀችም። ዓይኗ ነው ያታለላት። ይቅር ብያታለሁ።"

በሩ ይኸው ተከፍቶላታል። ውጪ ቢሏት መውጣት ነበር። አረጋሽ ግን ያንን የለውዝ ወረቀት አስታወሰች።

"አይደለም" አለች። "አውቄ ነው። ያን ቀን እዚሁ ተቀምጬ አውቄዋለሁ። እንዳላፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

 ከዚያ አሉኤል ያ ሁሉ ግርማዋ ቀርቶ ወደ አዲዩ ሄደች፣ ተንበርክካ ሁለቱንም እጆቿን ያዘች፣ ይቅርታ ጠየቀቻት። አሮጊቷም ተነሥታ መጣች። ሌሎቹም ተከተሉ። ክርስቲና ታለቅስ ጀመር። ወደ አረጋሽ ማንም አላየም። ይገባታል።

ሴቶቹ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ አዲዩ ፊቷን ዘንበል አድርጋ ወደ አረጋሽ አዞረች። በአማርኛ ነው የተናገረችው።

"በማርያም ማልሽልኝ እኮ።"

"ማልኩ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ። ማዕዘኑ ላይ የደበቅሻትን ጫፍ ጣቴ አገኛት።"

 "እኔ አራት ቀን ሙሉ ፈታሁት" አለች አዲዩ። "ክርስቲና ላግዝሽ ብትለኝ እንኳ እምቢ አልኩ።"

 አዲዩ አንሶላውን ወደ ጭኗ ስባ በዳንቴሉ ላይ አውራ ጣቷን ትነዳ ጀመር፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አንዱን ጎን ጨረሰች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ጎን ሲጀምር ቆመች።

"እዚህ ጋ የማይዘለለውን ዘለሻል" አለች።

"አዎ፣ ዘልያለሁ።"

"ፍቺው።" አንሶላውን ወረወረችላት። "ሠርጉ ገና አሥር ቀን አለው። ጠዋት እመጣለሁ፤ እቆጥርልሻለሁ። ለውዝ ግን አላመጣም።"

አረጋሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዳንቴሉን ከአንሶላው ጋር የያዘውን ስፌት በጥርሷ በጠሰች። ማዕዘኑ ላይ የደበቀቻትን ጫፍ ፈልጋ አወጣችና ሳበቻት። ስምንቱ ሴቶች እያዩ ዳንቴሉ እየተተረተረ መጣ።